ለካስፓር የተሣለው ጉንጉን

ቪንክልባህ መንደር ውስጥ የሞተ ሰው እንኳ የቦታ ችግር አለበት። ከኋላ ገደል፣ ከፊት ሐይቅ፣ በመካከል ቤተ ክርስቲያኑና የጎመን መደብ የምታክል መቃብር። ስለዚህ ሙት መሬት ውስጥ የሚቆየው አሥራ አምስት ዓመት ብቻ ነው፤ ከዚያ "ተነሥ፣ ሌላው ይተኛበት" ይባላል። አጥንቱ ተለቅሞ አፅም ቤት ይገባል። የራስ ቅሉ ግን ታጥቦ፣ ፀሐይና ጤዛ ላይ ሰንብቶ ሲነጣ ግንባሩ ላይ የአበባ ጉንጉን ይሣልበታል፣ ስሙ ይጻፍበታል፣ ከዘመዶቹ ጎን መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ለወንድ የኦክ ዛፍ ቅጠል፣ ለሴት ጽጌረዳ። በሕይወት ሳሉ በአጥር የተካሰሱ ጎረቤታሞች እዚያ ጉንጭ ለጉንጭ ገጥመው ተቀምጠዋል፤ ጉንጭ ቢኖራቸው።

ጉንጉኑን የምትሥለው ኖትቡርጋ ነበረች፤ ቡርጊ ይሏታል። አባቷ አሎይስ መቃብር ቆፋሪ ነበር። እሱ ሲሞት ዶማውን የወንድሟ ልጅ ኤጊድ ወረሰ፣ ብሩሹ ግን ከሷ እጅ ወጥቶ አያውቅም። ሰው ይኼን ሥራ የምትሠራው ቸግሯት ይመስለዋል። ተሳስቷል፤ ቡርጊ ሥራዋን ትወደው ነበር። የራስ ቅል አጥንቶች የሚገጣጠሙበትን ያንን የተጠማዘዘ መስመር በጣቷ እየተከተለች "እግዜር መርፌ ሲይዝ አያምርበትም?" ትላለች። አንዱን "ይኼ እንቁላል ነው"፣ ሌላውን "ይኼ ሳጥን" እያለች ትለያቸዋለች። የመንደሩ ልጆች ዐይኗን በመሀረብ አስረው ራስ ያቀብሏታል፤ እሷ ሁለት ጊዜ አገላብጣ ዳስሳ የማን እንደሆነ ትናገራለች። አንድም ቀን ስታ አታውቅም። ይኼን ኩራቷን ያዙልኝ፤ ኋላ ጉድ የሚያፈላው እሱ ነው።

ቤቷም እንደሷ ነበር። ከምድጃው በላይ አሥራ አንድ የአይጥ አፅሞች በሁለት እግራቸው ቆመው የማርሽ ባንድ ይጫወታሉ። ጥሩምባዎቻቸው ከአሮጌ ሰዓት ናስ ተቆርጠው የተሠሩ ናቸው፤ ከበሮዋ የዋልኖት ፍሬ ቅርፊት ናት። ከፊት ቆማ ዱላ የምታወዛውዘው አይጥ ቀይ መቀነት ታጥቃለች፣ አንገቷም ወደ ኋላ ተቀልብሷል። የመንደሩ ባንድ መሪ ይኼን ካየ በኋላ ሦስት ወር አኩርፏል። መልኩን ባያገኝበት ኖሮ ለምን ያኮርፍ ነበር?

አይጦቹን ያመጣላት ካስፓር ነበር። ካስፓር በሰው እርሻ ተቀጥሮ የሚሠራ፣ ቤትም መሬትም የሌለው ሰው ስለነበረ ከቡርጊ ጋር ዘጠኝ ዓመት ታጭተው ቆይተዋል። ሌላው ወንድ ለወደዳት ሴት ጥብጣብ ሲገዛ እሱ ከኪሱ የፍልፈል ራስ ቅል ያወጣ ነበር። "ጥርሱን ቁጠሪው እስቲ፤ አርባ አራት ነው! ለአንድ ትል ይኼ ሁሉ ጥርስ!" ይላታል። እሷም ከጥብጣብ ይልቅ በዚያ ደስ ይላታል። እንዲህ ያለ ባልና ሚስት ሊሆን የነበረ ጥንድ ዳግመኛ አይገኝም።

ካስፓር ከግራ ቅንድቡ በላይ ስርጉድ ነበረችው። ልጆች ሳሉ ቡርጊ የበረዶ ኳስ ወረወረችበት፤ ኳሱ ውስጥ ድንጋይ ነበር። ግንባሩ ተሰብሮ ሲድን አጥንቱ እንደጎደጎደ ቀረ፤ የሴት አውራ ጣት ጫፍ ልክ የምትገባበት ጉድጓድ ሆነ። ካደጉ በኋላ በተለያዩ ቁጥር አውራ ጣቷን እዚያ ላይ ትጫንና "ማኅተሜ አለ?" ትለዋለች። "አለ" ይላል። "እንግዲያው የኔ ነህ።" ስንብታቸው ይኼ ነበር።

ጦርነቱ ካበቃ በስድስተኛው ዓመት፣ በጥር፣ ካስፓርና ሊዮፖልድ የሚባል ጎረቤቱ ድርቆሽ ሊያወርዱ ተራራ ወጡ። ሊዮፖልድን ሁሉም ፖልዲ ነው የሚለው። የድርቆሽ ጋሪ በረዶ ላይ ተንሸራቶ የሚወርደው በሁለት ሰው ነው፤ አንዱ ከፊት ይመራል፣ አንዱ ከኋላ ይዞ ፍጥነቱን ያበርዳል። ብቻውን የሚሞክረው የለም። ናዳው ሁለቱንም ከነጋሪያቸው ጠርጎ ወሰዳቸው። የተገኙት በረዶው ሲቀልጥ፣ ሚያዝያ ላይ ነው። አሎይስ ሬሳዎቹን ለማንም አላሳየም፤ ድንጋዩ አጥንት እንጂ ፊት የሚባል ነገር አላስቀረላቸውምና። ለልጁ ያሳያት በመዳፉ ላይ የያዛትን አንዲት ቁልፍ ነበር። ቡርጊ ከአጋዘን ቀንድ ፈልፍላ፣ ትንሽ የራስ ቅል አስመስላ ሠርታ ካስፓር ካፖርት ላይ የሰፋቻት ቁልፍ። ቄሱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ባዩዋት ቁጥር የሚገላምጧት።

"ያንቺ ናት?" አላት አባቷ።

"የኔ ናት" አለች።

በቃ፤ ያንን ካፖርት የለበሰው ካስፓር ተብሎ ተቀበረ፣ ሌላው ፖልዲ ተብሎ ተቀበረ። ሁለት መስቀል፣ በመካከላቸው አራት እርምጃ።

ከዚያ በኋላ ቡርጊ የኖረችው ለአንድ ቀን ነው፤ ያንን ራስ መልሳ በእጇ ለምትይዝበት ቀን። ማበድ ነው የሚል ይኖራል። ቪንክልባህ ውስጥ ግን ሞት መለያየት ቢሆንም ቀጠሮ ያለው መለያየት ነው፤ ሰው ሲቀበር መልሶ የሚወጣበት ዓመት ይታወቃል። የበረዶው ወራት በመጣ ቁጥር ወረቀት ዘርግታ የካስፓርን ጉንጉን ትነድፋለች። የኦክ ቅጠል፣ በቅጠሎቹ መሀል እሱ የሚወዳቸው ሰማያዊ የተራራ አበቦች፣ ከግራ በኩል ደግሞ ልክ ስርጉዷ ላይ የሚያርፉ ሁለት ቀያይ ቼሪዎች፤ በልጅነታቸው ከቄሱ ጓሮ እየሰረቁ ይበሉ ነበርና። ንድፉን አሥራ አራት ጊዜ አሻሻለችው። በአሥራ አራተኛው ዓመት አንድ ዓመት ሲቀረው አላስችላት አለ፤ ኤጊድን ለምና አስለምና መቃብሩን ቀድማ አስከፈተችው።

ኤጊድ የራስ ቅሉን አውጥቶ ሲያቀብላት አውራ ጣቷ ሳታዛት ወደ ግራ ቅንድብ ሄደች። ለስላሳ ነበር። እንደገና ዳሰሰች። የወንዝ ድንጋይ እንኳ እንዲያ አይለሰልስም።

"ምነው አክስቴ?" አለ ኤጊድ ከጉድጓዱ ውስጥ።

"ምንም። አጥንቱ ሞልቶ ነው።"

አጥንት መቃብር ውስጥ አይሞላም። ይኼን ከሷ በላይ የሚያውቅ በዚያ ሐይቅ ዙሪያ የለም። ግን አሥራ አራት ዓመት የጠበቀ ሰው እጁ የነገረውን ሁሉ ሊሰማ አይወድም። ወሰደችው፣ አጠበችው፣ አነጣችው፤ ጉንጉኑንም ሣለችለት። ሁለቱን ቼሪዎች ምንም ስርጉድ በሌለበት አጥንት ላይ አንጠለጠለቻቸው፤ ከታች "ካስፓር" ብላ ጻፈች። በዕድሜዋ ከሠራችው ሁሉ የሚበልጥ ሥራ ነበር። ከሐይቁ ማዶ ያሉ ሰዎች ሳይቀሩ ሊያዩት በጀልባ መጡ። ቡርጊም ለራሷ፣ ተራዬ ሲደርስ እኔም ከጎኑ እቀመጣለሁ አለች፤ ጉዳዩ አለቀ።

አላለቀም። በዓመቱ መስከረም ላይ የፖልዲ ተራ ደረሰ።

የፖልዲ ሚስት ዘንዚ ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው። ዐይኗ ደክሟል፣ ምላሷ ግን ገና አልደከመም። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ፣ ዝናብም ቢሆን በረዶ፣ ከሰዓት በኋላ ሦስት እግር ባላት በርጩማ ባሏ መቃብር አጠገብ ተቀምጣ ስታንሾካሹክ ትውላለች። ሰው ጸሎት ነው ይላል። መቃብሩ ሲከፈት ያቺኑ በርጩማ ይዛ፣ ንጹሕ ሽርጥ ታጥቃ ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ተሰየመች። ቡርጊ ከጎኗ ቆማለች።

"እትዬ ዘንዚ፣ ፈቀቅ ይበሉ እንጂ" አለ ኤጊድ ቀና ብሎ፣ "እርስዎም ገብተው በአንድ ጉድጓድ ሁለት ሥራ እንዳያሠሩኝ።"

"ቆፍር አንተ! ደግሞ የኔ ቀን ሲደርስ ጠለቅ አድርገህ ቆፍር፤ ብርድ አልወድም።"

"አሥራ አምስት ዓመት ነው፣ ያስችልዎታል።"

"ያንተን ወሬ አርባ ዓመት ችያለሁ፤ እሱ ያቅተኛል?"

የራስ ቅሉ ሲወጣ ግን ሽርጧን ዘርግታ ተቀበለችው፤ አፈሩን በአውራ ጣቷ እየጠረገች፣ ወደ ዐይኗ አስጠግታ አየችው። "በጣም ከሳህ እኮ" አለችው ቀስ ብላ። ኤጊድ ሳቁን ለመደበቅ ጎንበስ አለ። ከዚያ ዘንዚ ወደ ቡርጊ ዞረች። "እንኪ፣ አንቺ ያዢልኝ። እጄ ይንቀጠቀጣል፣ እጥለዋለሁ።"

ቡርጊ ተቀበለች። አውራ ጣቷ ወደ ግራ ቅንድብ ሄደች። ገባች።

ልክ ገባች። ጉድጓዷ ጣቷን እንደምታውቃት ያዘቻት። ቡርጊ እዚያው ክው ብላ ቀረች። ዘንዚ በደከመ ዐይኗ ምንም አላየችም። ኤጊድ ግን አይቶ "አክስቴ፣ አመድሽ ቡን አለ እኮ፤ ምን ነካሽ?" አላት። "ፀሐዩ ነው" አለች፤ ሰማዩ ደመና ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ሙታን ቀን፣ መንደሩ ሻማ ይዞ አፅም ቤት እስከሚገባበት በዓል፣ ስድስት ሳምንት ያህል፣ የራስ ቅሉ በማገዶ ቤቱ ጣራ ላይ ፀሐይና ጤዛ ሲጠጣ ከረመ። ቡርጊ ጠዋት ጠዋት መሰላል ተደግፋ ትወጣና ጣቷን ታስገባለች። "ማኅተሜ አለ" ትለዋለች። ታለቅሳለች፤ ትወርዳለች። ካስፓርን አግኝታው ነበር። ደስታውም እዚያው የሚያንገበግባት ነገር ነበር፤ ያገኘችው የሌላ ሴት ንብረት ሆኖ ነውና።

ዝም ካለች፣ ካስፓር "ሊዮፖልድ" ተብሎ ለዘለዓለም ከዘንዚ ጎን ይቀመጣል፣ እሷ ከፖልዲ ጎን። ከተናገረች፣ አንዲት አሮጊት አሥራ አምስት ዓመት ደጅ የጠናችበትን መቃብር በአንድ ቃል ትነጥቃለች፤ በዚያ ላይ ዐይኗ ታስሮ ሰው የማትስተው ቡርጊ የገዛ እጮኛዋን እንደሳተች፣ ከዚያም የከፋ፣ አውቃ እንደዋሸች መንደሩ ይሰማል። ለኤጊድ ብቻ ነገረችው።

ኤጊድ ዶማውን ሲስል ሰማትና "እና ምን ይጠበስ?" አለ። "ራስ ራስ ነው። ሁለቱም መደርደሪያ ላይ ናቸው፣ ሁለቱም ጥርሳቸውን ገጥጠዋል። ጻፊና ተገላገዪ።"

"የምጽፈው እኮ ስም ነው፣ ኤጊድ።"

"እሺ፤ እንግዲያው በዝምታ ስሙን ፋቂና አቀያይሪያቸው።"

"ስሙ ይፋቃል። ጉንጉኑስ? ቀለሙ አጥንት ውስጥ ገብቷል። አገር ምድሩ አይቶታል፤ ካስፓር በአንድ ዓመቱ አበባውን ለፖልዲ አዋሰው ልበል?"

"እሱን ተዪው፤ ሰው ከዚህ የባሰም ያምናል" አለ ኤጊድ። ከዚያ ግን ዶማውን አስቀመጠ። "የማይሆነውስ እትዬ ዘንዚ ናቸው። በየቀኑ መጥተው አናቱን ይዳስሱታል አይደል? ቢለወጥ ይነቁብሻል።"

ይመጡ ነበር። ዘንዚ በየቀኑ ትመጣለች። "ነጣልኝ?" ትላለች። "ቅጠሉን ሰፋ ሰፋ አድርጊልኝ፤ ፖልዲ ትንሽ ነገር አይወድም። ከጎኑ ደግሞ አንድ የራስ ቦታ ክፍት አስይዢልኝ።" ቡርጊ "እሺ" ትላለች። ቀለም ሳትቀባ ዛሬ ነገ እያለች የሙታን ቀን ዋዜማ ደረሰ።

ዋዜማው ዕለት ዘንዚ ከቀትር በኋላ አንድ ጠርሙስ የፒር ፍሬ አረቄ ይዛ ገባች። አይጦቹን እንደ ልማዷ "ደህና ዋላችሁ፣ ከሲታዎች" ብላ ሰላም አለቻቸው። የራስ ቅሉ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ እንደ ዝሆን ጥርስ ነጥቶ፣ ምንም ሳይሣልበት። ዘንዚ ግንባሩን በመዳፏ አበሰች።

"አንቺ ልጅ! ነገ የሙታን ቀን ነው፤ ራሰ በራ አድርገሽ ልታስገቢብኝ ነው?"

"አሁን እጀምራለሁ" አለች ቡርጊ። ብሩሿን ጥቁሩ ቀለም ውስጥ ነከረች። ካስፓርን በግራ እጇ ደግፋ ያዘች፤ አውራ ጣቷ ያው ቦታዋ ላይ ናት። ብሩሹን አስጠጋች። እጇ ግን አልሄደም። የቀለም ጠብታ ጠረጴዛው ላይ ወደቀች።

"እትዬ ዘንዚ" አለች፣ "ይኼ ፖልዲ አይደለም።"

"ማነው ታዲያ፣ ቄሱ ናቸው?"

"ካስፓር ነው።" የአሮጊቷን ጣት ይዛ ስርጉዷ ውስጥ አስገባቻት። "ይኼን እኔ ነኝ በድንጋይ ያደረግሁት፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ። አምና ከካስፓር መቃብር የወጣው ይኼ አልነበረውም። አውቄ ነበር። አውቄ ዝም አልኩ። የሣልኩት የርስዎን ባል ነው።"

ዘንዚ ጣቷን አላወጣችም።

"የሣልሽውን አምጪው" አለች።

የአፅም ቤቱ ቁልፍ ቡርጊ ዘንድ ነው። በቀን ብርሃን፣ ሰው እያያት፣ ያገሩን ዝነኛ ራስ በነጠላ ጨርቅ ጠቅልላ ይዛ መጣች። ዘንዚ ተቀብላ ጉንጉኑን ነገሬም አላለችው፤ ጣቷን ቀጥታ ወደ አፉ ላከችና በላይኛው መንጋጋ፣ በሌላው ጥርስ ላይ የወጣውን አንድ ጠማማ ክራንቻ አገኘች።

"ይኼ ነው" አለች። "የዚያኛውን አፍ መንካት ፈርቼ ነው እንጂ! ይኼ የተረገመ ጥርስ! ከንፈሬን ስንት ጊዜ ቧጭሮኛል፣ የኔ ጌታ!" ሳቀች። ሳቁ መሀል ላይ ተቋረጠ፤ ፊቷ እንደ ሕፃን ተጨማደደ። "ታዲያ እኔ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ለማን ነው የነገርኩት? ለማን ነው የለመንኩት?"

"ይጸልዩ አልነበር?"

"ምን ጸሎት! ይቅርታ ስለምን ነው የኖርኩት።" አፍንጫዋን በሽርጧ ጠረገች። "ያን ቀን ትኩሳት ነበረው። ሌሊቱን ሲቃዥ ነው ያደረው። ጠዋት ካስፓር ሊወስደው መጣ፣ በር ላይ ቆመ። ፖልዲ 'ሴትዮ፣ ዛሬ አልችልም' አለኝ። ካስፓርም 'ይቅር ታዲያ፣ ነገ እንወጣለን፤ ብቻዬን እንደሁ አልወጣ' አለ። እኔ ደግሞ፣ ምላሴ በተቆረጠ! ላሚቱ ድርቆሽ አልቆባታል፣ ተናድጃለሁ፤ በሰው ፊት 'ቀሚሴን ላውስህና ምድጃ ዳር ተቀመጥ' አልኩት። ካስፓር መሬት መሬት አየ። ፖልዲ ተነሣ፣ ጫማውን አሰረ፣ በዚያች በሳሳች ኮቱ እየተንቀጠቀጠ ወጣ። አሥራ አምስት ዓመት ይኼንን ነው የምነግረው። እሱ ግን እዚያ የለም! የሰው ሰው ነው የሰማኝ!"

ቡርጊ ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ላይ ቆማ ቀርታለች።

"በሳሳች ኮቱ ነው የወጣው?"

"ካፖርት አልነበረውም። ከየት ይምጣ?"

ቡርጊ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። አሥራ አምስት ዓመት ያልጠየቀችው ጥያቄ መልሱን ይዞ ፊቷ ላይ ቆመ። ተራራው ላይ፣ በዚያ ብርድ፣ አንዱ በትኩሳት ጥርሱ እየተፋጨ፤ ካስፓር ደግሞ ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ ከሷ በላይ ማን ያውቃል? አውልቆ አልብሶታል። የራስ ቅል ቁልፍ ያለባትን ካፖርት አልብሶት፣ እሱ የፖልዲን ኮት ለብሶ ሞተ። እሷም ቁልፏን አይታ "የኔ ናት" አለች።

ሌላውም ነገር ከኋላው ተከትሎ መጣ። ካስፓር ብቻዬን አልወጣም ብሎ ነበር። ይቺ አሮጊት አፏን ብትይዝ ኖሮ አይወጣም ነበር። ለአንድ አፍታ ቡርጊ ዘንዚን ከነበርጩማዋ አንሥታ ሐይቅ ውስጥ ብትጥላት ደስ ባላት። እንዲህ ያለ ጥላቻ ከዚያ በፊት በሆዷ አድሮ አያውቅም። ዘንዚ ግን ይኼን አላየችም። ሁለቱን ራሶች ጎን ለጎን አድርጋ በሁለት እጇ ይዛ ትንሰቀሰቅ ነበር።

"ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ቡርጊ። እንደገና ሀ ብዬ ልጀምር ነው? በየትኛው ዕድሜዬ? አሥራ አምስት ዓመት ለባዕድ!"

ቡርጊ የካስፓርን ራስ አየች።

"ባዕድ አይደለም" አለች። "እሱም ይቅርታ ሊጠየቅ የሚገባው ነበር።"

ዘንዚ ቀና አለች። ገባት። ቀስ ብላ እጇን ከካስፓር ላይ አነሣች፤ መልሳ ደግሞ አስቀመጠችው።

"እና . . . ይቅር ብሎኝ ይሆን?"

"አላውቅም። እኔ ሠዓሊ ነኝ።"

"አንቺስ?"

"እኔን ዛሬ አይጠይቁኝ።"

ዘንዚ ራሷን ነቀነቀች። ሁለት ብርጭቆ አረቄ ቀዳች፤ አንዱን ወደ ቡርጊ ገፋችው። ቡርጊ አልነካችውም፤ ይውሰዱልኝም አላለችም።

ከዚያ ትንሿን ቢላ አምጥታ ከተሣለው ራስ ላይ "ካስፓር" የሚለውን ትፍቅ ጀመር። ጥቁሩ ቀለም እንደ ጥላሸት ጠረጴዛው ላይ ረገፈ። ዘንዚ በርጩማዋን አስጠግታ፣ ባሏ ጆሮ በነበረበት በኩል ጎንበስ ብላ ማንሾካሾክ ጀመረች። "ፖልዲ፣ ያን ቀን ጠዋት . . ." ቡርጊ እየፋቀች ሁሉንም ሰማች። ላለመስማት መውጣት ትችል ነበር፤ አልወጣችም።

"ሊዮፖልድ" ብላ ጽፋ ስትጨርስ ዘንዚ ጉንጉኑን በጣቷ ነካችው።

"ይኼን ሁሉ አበባ ምን ታደርጊዋለሽ? የካስፓር ነው እኮ። አሥራ አራት ዓመት እንደነደፍሽው አውቃለሁ፤ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ፋቂው፣ አልቀየምሽም።"

"አይፋቅም።"

"ብትሞክሪ—"

"ቢፋቅም አልፍቀውም" አለች ቡርጊ። "ካፖርቱን ያለበሰው ካስፓር ራሱ ነው። እኔ አላስወልቀውም።"

የቀረው የቀኑ ብርሃን ለአንድ ራስ ጉንጉን አይበቃም ነበር። ደግሞ ያንን ጉንጉን ሁለተኛ መሣል አልቻለችም፤ ብሩሹን ይዛ ብትቀመጥም ቅጠል አልመጣላትም። ሰማያዊውን አበባ ሞክራ በጨርቅ ጠረገችው። ካስፓር ግንባር ላይ ስሙን ብቻ ጻፈች፤ የቼሪዎቹን ቦታ ባዶ ተወችው፣ ጣት እንድታርፍበት። ሳይመሽ ሁለቱንም ይዘው ሄዱና በየቦታቸው አስቀመጧቸው፤ ዘንዚ አንዱን፣ ቡርጊ አንዱን።

በማግስቱ የሙታን ቀን ነበር። ሰው ሻማውን ይዞ ወደ አፅም ቤት ሲገባ ያ ዝነኛ ጉንጉን ስሙ ተለውጧል፤ ካስፓር ደግሞ እንደ ድሃ ቅል ራቁቱን ተቀምጧል። ጉምጉምታው ከሻማው ጢስ ጋር ጣራውን ሞላው። ዘንዚ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ቀና አላለችም። የባንዱ መሪ፣ ያው የአይጦቹ ኩርፊያ ያልለቀቀው፣ ወደ ቡርጊ ተጠግቶ "እንዴት ነው ነገሩ? ለካስፓር የሣልሽውን አበባ ለፖልዲ የሰጠሽው ለምንድነው?" አላት፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብሎ።

ቡርጊ አውራ ጣቷን ካስፓር ግንባር ላይ እንዳደረገች ነበር። ዞራ አላየችውም።

"በርዶት ነበር" አለች።